ሶላሩ ያዋጣናል ወይስ ዕዳ ይሆንብናል?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነና ጻፍኩልዎ።

ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እኔም ባለቤቴም ተቀጥረን ነው የምንሠራው። ጠዋት ወጥተን ማታ እንገባለን፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይውላሉ። ቀን ቀን ቤት የሚውሉት አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ብቻ ናቸው። ቤቱ የራሳችን ነው።

ባለቤቴ ከጥቂት ወራት ወዲህ ጣሪያችን ላይ ሶላር እናስገጥም ብሎ ተነስቷል። ሶላር ከሚሸጥ ጓደኛውም ፕሮፎርማ አምጥቷል። 4 ኪሎዋት ፓነል፣ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ እና ኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው) ነው። ዋጋውን አሁን ለመብራት ከምንከፍለው ጋር ሳስተያየው የ9 ዓመት ክፍያችንን ያህላል። ከዚህ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ የባትሪው ነው። ጓደኛው ግን «በ5 ዓመት ወጪያችሁን ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ መብራት በነጻ ነው» ይላል። ፕሮፎርማው ላይ ሶላሩ በወር 450 ኪሎዋት ሰዓት እንደሚያመነጭና የመብራት ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ እንደሚጨምር ተጽፏል። እኛ በወር የምንጠቀመው 300 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው።

ገንዘቡ 60 በመቶው ከቁጠባችን ይወጣል። የቀረውን በ16 በመቶ ወለድ ተበድረን በየወሩ እየከፈልን በ5 ዓመት እንጨርሳለን። ቁጠባውን አብዛኛውን ያጠራቀምኩት እኔ ነኝ። ለክፉ ቀን ያልኩት ነው፤ ከእሱ ሌላ የለንም። ጣሪያችን ደግሞ ያረጀ ነው፣ በአንድ ጥግ ያፈሳል። ከጎረቤት ግቢ ያለ ትልቅ ዛፍም ከሰዓት በኋላ ጥላውን ይጥልበታል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። በአንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳለ የአማቴ አስም ተነሳባቸው። መድኃኒቱን የሚስቡበት ማሽን በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሊያግዛቸው አልቻለም። በጭንቅ ነው ያነጋነው። ባለቤቴ ሶላር ሶላር ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ስንጨቃጨቅ «የአንቺ እናት ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ሂሳብ አትሠሪም ነበር» አለኝ። አንጀቴን ነው የቆረጠኝ። ጓደኛው ዋጋው እስከ ዓርብ ብቻ ነው ብሏል። ለመሆኑ ሶላር እንደሚባለው ያዋጣል? ወይስ እኔ ነኝ ነገር ያከበድኩት?

መንታ ልብ የሆንኩት


ውድ እህቴ፣

የባለቤትሽ ቃል ከባድ ነው። ወደ ቁጥሩ ከመግባቴ በፊት እሱን ላንሳ። ሂሳብ መሥራትሽ አማትሽን ከመውደድና ካለመውደድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ለክፉ ቀን ገንዘብ የሚያስቀምጥ ሰው ክፉው ቀን በማን ላይ እንደሚመጣ መርጦ አያስቀምጥም። ነገ አማትሽ ቢታመሙ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ይኸው ገንዘብ ነው።

ባለቤትሽም ይህን ያጣዋል ብዬ አላስብም። እናቱ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጨለማ ውስጥ ቆሞ ምንም ማድረግ አለመቻሉ ውስጡ የቀረ ይመስለኛል። ሰው እንዲህ ያለ ፍርሃት ሲይዘው፣ ሂሳብ የሚያነሳበት ሰው ፍርሃቱን የናቀበት ይመስለዋል። ለመሆኑ በዚያች ሌሊት አንቺስ ምን ተሰማሽ? ነግረሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት አንቺም እንደ እሱ ፈርተሽ እንደነበር አያውቅ ይሆናል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይታዩኛል። የአንቺ ጥያቄ «ይህ ገንዘብ ይመለሳል ወይ?» ነው። የእሱ ደግሞ «መብራት ሲጠፋ እናቴ ምን ትሆናለች?» ነው። ሁለታችሁም የምትጠይቁት ተገቢውን ነው። ሻጩ ሁለቱን አንድ ፕሮፎርማ ላይ ጨምቆ አንድ ዋጋ ጻፈባቸውና እናንተ እርስ በርስ ተያያዛችሁ። ስለዚህ ነጣጥለን እንያቸው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ሶላር ያዋጣል ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ በልኩ ከተገዛና አብዛኛውን ራሳችሁ ከተጠቀማችሁበት ያዋጣል። ለእናንተ የቀረበው ግን፣ በዚህ መጠንና በዚህ ብድር፣ አያዋጣም ባይ ነኝ።

«በ5 ዓመት ይመልሳል» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ በላክሽልኝ መረጃ ሞከርኩት። 4 ኪሎዋት ፓነል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቦታ በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ያገኛል እንበል። 4 በ5 ሲባዛ 20 ይሆናል። ከዚህ ላይ ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ሽቦውና ኢንቨርተሩ ሩቡን ያህል ይወስዱበታል። ፓነል ላይ የሚጻፈው ዋት የተለካው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሴሉ (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የፓነሉ ክፍል) 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ ነው። ጣሪያ ላይ በቀትር ፀሐይ ሴሉ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከ25 በላይ ለምትጨምር ለእያንዳንዷ ዲግሪ ደግሞ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ጉልበት ይቀንሳል። ሁሉም ተቀናንሶ 15 ኪሎዋት ሰዓት በቀን፣ 450 በወር ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ሻጩ ትክክል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። 450ውን ሙሉ በሙሉ እንደ ትርፍ ቆጥሮላችኋል። እናንተ የምትጠቀሙት 300 ነው። የቀረው 150 ከሂሳባችሁ ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ምክንያቱም እሱን ቀድሞም አትከፍሉበትም ነበር። ከዚያ የመብራት ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ይጨምራል የሚለውን ግምት ደረበበት። ሁለቱ ሲደመሩ በ4 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ገንዘቡ የተመለሰ ይመስላል። «በ5 ዓመት» ያለውም ለዚህ ነው።

አሁን የምትጠቀሙትን 300 ብቻ እንቁጠር። ደመናማ ቀን አለ፤ ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም የሚከፈል ቋሚ የአገልግሎት ክፍያም ይኖራል። ስለዚህ ሂሳባችሁ ዜሮ አይሆንም። 90 በመቶው ቢቀንስላችሁ ትልቅ ነገር ነው። የ9 ዓመት ክፍያ የሚያህለው ዋጋ በዚህ ሲካፈል 10 ዓመት ይመጣል። የመብራት ዋጋ በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨምር እንኳ ከ8 ዓመት በላይ ነው።

ይህ እንግዲህ ብድሩ ሳይቆጠር ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የዋጋውን 40 በመቶ በ16 በመቶ ወለድ ስትበደሩ ወርሃዊ ክፍያው አሁን ለመብራት ከምትከፍሉት በትንሹ ይበልጣል። ያውም ለ5 ዓመት። ወለዱ ብቻ ሲደመር የ20 ወር ገደማ የመብራት ሂሳባችሁን ያህላል። እሱን ስትጨምሪበት 10 ዓመት ያልነው ወደ 12 ይጠጋል። እስቲ ወሩን በዓይነ ኅሊናሽ እዪው። ቁጠባው አልቋል። የብድር ክፍያ አለ፤ ከእሱ ላይ ደግሞ የቀረችው የመብራት ሂሳብ አለች። ሶላር ከማስገባታችሁ በፊት ከምታወጡት የበለጠ እያወጣችሁ 5 ዓመት ትቀመጣላችሁ። በመሃል አንዳችሁ ሥራ ቢያቋርጥ ወይም ሰው ቢታመም የምትይዙት ነገር የለም። በ16 በመቶ ተበድሮ በዓመት 10 በመቶ የሚያስገኝ ነገር መግዛት እንኳን ቁጠባ ላለቀበት ቤት፣ ተርፎት ለሚያድርም አይመከርም።

ነገር ያከበድሽ ይመስልሽ ከነበረ፣ አላከበድሽም። ግን እዚህ ላይ ቆመሽ «ይኸው፣ ትክክል ነበርኩ» እንዳትዪው እለምንሻለሁ። ገና የእሱ ጥያቄ አልተመለሰም፤ ሶላሩም ቢሆን ሌላ መልክ አለው።

ያንን መልክ ለማግኘት ዋናው ነገር መብራት የምትጠቀሙበት ሰዓት ነው። ሶላር የሚያመነጨው ቀን ነው፣ እናንተ ቤት የምትሆኑት ማታ። ባትሪው የቀኑን ለማታ ያስቀምጣል፣ ግን ውድ ነው። ባትሪ ሳይኖር የቀኑን የቤት ሥራ አመቻችታችሁ ከሂሳባችሁ ግማሹን መቀነስ ይቻላል ብለን እንነሳ። ባትሪው ግማሹን ወደ 90 በመቶ ያሳድገዋል። ስለዚህ ባትሪው ለብቻው የሚያስገኘው 40 በመቶ ነው። ዋጋው ደግሞ የ3 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ሂሳባችሁ ነው። አካፍዪው፤ የራሱን ዋጋ ለመመለስ 9 ዓመት ይፈጅበታል። የብዙዎቹ ሊቲየም ባትሪዎች ዋስትና 10 ዓመት ነው። ገንዘቡን መልሶ በጨረሰ በዓመቱ ዋስትናው ያልቃል ማለት ነው። ከገንዘብ አንጻር ብቻ ካየነው ባትሪው አብሮ መምጣት አልነበረበትም።

ትርፉን ወደ ኤሌክትሪክ መስመሩ መልሶ መሸጥስ ትዪኝ ይሆናል። የኤሌክትሪክ አቅራቢያችሁ የሚገዛ ከሆነ ነገሩ ይቀየራል፤ በምን ዋጋ እንደሚገዛ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የሚከፍለው እናንተ ከምትገዙበት ዋጋ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ውሉ ለስንት ዓመት እንደሚጸናም ጠይቂ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. አፕሪል 2023 ደንቡን ስትቀይር ለአዳዲስ ደንበኞች ለሚላክ ትርፍ ኃይል የሚታሰበው ዋጋ በእጅጉ ወርዷል። በአሮጌው ደንብ ሂሳብ ሠርቶ ዘግይቶ የገባ ሰው ሂሳቡ ተበላሽቶበታል። አቅራቢያችሁ የማይገዛ ከሆነ ግን ከምትጠቀሙት በላይ ማመንጨት ትርፍ የለውም።

እንግዲህ እኔ ብሆን የማየው ሌላኛው መንገድ ይኸውልሽ። 2 ኪሎዋት ፓነል፣ ያለ ትልቅ ባትሪ። በዚያው አቆጣጠር በቀን 7 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያመነጫል። ከዚህ ውስጥ 5ቱን ቀን ቀን ብትጠቀሙበት የሂሳባችሁ ግማሽ ነው። ፓነሉ በግማሽ ስለቀነሰ ዋጋው በግማሽ አይወርድም፤ የእጅ ዋጋው፣ የብረት ማቀፊያውና ሽቦው እኩል አይቀንሱም። ከባትሪው ውጪ ያለው የፕሮፎርማችሁ ዋጋ የ5 ዓመት ከ5 ወር ያህል ነበር። ለትንሹ የ3 ዓመት ከ3 ወር ይሁን እንበል። ግማሽ ሂሳብ እየቀነሰ በ6 ዓመት ከመንፈቅ ይመለሳል። ያውም ያለ ብድር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሶላር ጥቅም። ጥሩ ፓነል በዓመት ጉልበቱ የሚቀንሰው ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ አምራቾች ለጉልበቱ የ25 ዓመት ዋስትና መስጠታቸው የተለመደ ነው። ኢንቨርተሩ ግን ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ መቀየሩ አይቀርም፤ ለእሱ ቀስ እያላችሁ አስቀምጡ። ከባንክ ቁጠባ ጋር ስታወዳድሪው ደግሞ አንድ ልዩነት አለ። ባንክ ያስቀመጥሽው ገንዘብ ዋናው አለ፤ በፈለግሽ ቀን ታወጪዋለሽ። ፓነል ላይ የዋለ ገንዘብ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳል እንጂ ለችግር ቀን ነቅለሽ አትሸጪውም። ለዚህ ነው ከክፉ ቀን ገንዘብ ላይ አይነካ የምለው። ቢያንስ የ3 ወር፣ ቢቻል የ6 ወር የቤት ወጪ ሳይነካ ይቀመጥ። ከዚያ የተረፈው ለትንሹ ሶላር ይበቃል ወይ? ካልበቃ መጠበቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት የፓነል ዋጋ ወደ 90 በመቶ ወርዷል፤ የሊቲየም ባትሪም እንዲሁ። አንድ ዓመት ብትቆዩ ዕድሉ ያመልጣል ብሎ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

ቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት እንጠቀማለን ወይ የሚለውን ግን በግምት አትተዪው። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ከቤት ስትወጪ ቆጣሪውን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ማታ ስትገቢም ደግመሽ አንሺው። የሁለቱ ልዩነት ቀን የምትጠቀሙት ነው። 2 ወይም 3 ብቻ ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ፤ ወደ ቀን የሚዞር ሥራ አለ። የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ካላችሁ በሰዓት መቆጣጠሪያ እኩለ ቀን ላይ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ውሃው እስከ ማታ ሙቀቱን ይይዛል። የልብስ ማጠቢያ ማሽንም ብዙ ጊዜ ሰዓት ይሞላለታል። ካውያው ለቅዳሜና እሑድ ቀን ይቆይ። ብቻ 2 ኪሎዋት ሁሉንም በአንዴ አይችልም። ቦይለርና ካውያ አብረው ከበሩ ትርፉ ከመስመር ይመጣል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምር። ይህን ሁሉ ግን አማትሽ ላይ እንዳትጥዪው፤ ቀን ቤት ስለዋሉ የማሽን ተቆጣጣሪ መሆን የለባቸውም።

የመብራት ዋጋችሁ አጠቃቀም ሲጨምር በደረጃ የሚወደድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጥሩ ዜና ነው። ሶላሩ በመጀመሪያ የሚቀንስላችሁ ውዱን የላይኛውን ደረጃ ነው። ደረሰኙ ላይ ታገኚዋለሽ።

ጣሪያውን በተመለከተ ግን ምንም አታመንቱ። የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ፓነል አይጫንም። ፓነሉ 25 ዓመት ይቆያል፣ ጣሪያው ከ3 ዓመት በኋላ ቢከፈት ሁሉም ተነቅሎ እንደገና መገጠም አለበት። የእጅ ዋጋው ድጋሚ ከኪሳችሁ ነው። ደግሞስ ፓነሉን ለማሰር ቆርቆሮ ይበሳል፤ ድሮም የሚያፈስ ጣሪያ ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲጨመር አስቢው። ለሶላር የታሰበው ገንዘብ የመጀመሪያ ሥራው ይኸ ሊሆን ይችላል።

ዛፉም ቀላል ነገር አይደለም። ፓነሎች ብዙ ጊዜ በተርታ ይያያዛሉ። በአንዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ እሱ ብቻ አይደለም የሚደክመው፣ ተርታውን ይዞ ይወርዳል። ፓነሎቹ ውስጥ ጉዳቱን የሚቀንስ ዳዮድ አለ፣ ግን ጨርሶ አያጠፋውም። ለእያንዳንዱ ፓነል የራሱን ትንሽ ኢንቨርተር ማድረግም ይቻላል፣ ወጪ ይጨምራል እንጂ። በአንድ የዕረፍት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በየሁለት ሰዓቱ ጣሪያውን ፎቶ አንሱት። ጥላው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚደርስ ታያላችሁ። ፀሐይ እንደየወቅቱ ስለምትዞር ከጥቂት ወራት በኋላም ድገሙት። የሻጩ 450 ጥላውን ቆጥሮ እንደሆነ ጠይቁት፤ ሰው ጣሪያው ላይ ሳይወጣ የተሠራ ፕሮፎርማ ከሆነ አልቆጠረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ጥያቄ እንምጣ። ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው ይኸ ነው፤ ደግነቱ መልሱ ከገንዘቡ ይልቅ ቀላል ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ ራሱን ያጠፋል። ፀሐይ እየነደደች እንኳ ቤቱ ጨለማ ነው። የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ መስመር የሚጠግነው ሠራተኛ ከእናንተ ጣሪያ በሚመጣ ኃይል እንዳይያዝ ነው። ስለዚህ «ሶላር ካለ መብራት አይጠፋም» የሚባለው እውነት የሚሆነው ባትሪ ካለና ኢንቨርተሩ ለዚያ የተሠራ ከሆነ ነው። እኔ ያልኩሽ 2 ኪሎዋት ለብቻው የአማትሽን ማሽን ሌሊት አያስነሳም። ይህን ለባለቤትሽ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ።

ግን ማሽኑን ለማስነሳት 10 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ምን ያደርጋል? እስቲ ማሽኑን ገልብጣችሁ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ስንት ዋት እንደሚወስድ ተጽፏል። አብዛኞቹ የቤት ኔቡላይዘሮች (እንዲህ ያሉት መድኃኒት መሳቢያ ማሽኖች) ከ200 ዋት በታች ናቸው። 200 እንኳ ቢሆን ለ15 ደቂቃ ሲሠራ የሚፈጀው 50 ዋት ሰዓት ነው። በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ቢጠቀሙበት 150። አራት ባለ 10 ዋት አምፖል ለ8 ሰዓት ሲበራ 320። ዋይፋዩን ጨምሪበት፣ 80። ድምሩ 550 ዋት ሰዓት ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ ከትንሽ ኢንቨርተር ጋር ይህን ተሸክሞ ያድራል። ከቀረበላችሁ ባትሪ በአቅም አንድ አሥረኛው ነው። ለመሙላትም የግድ ሶላር አያስፈልገውም፤ መብራት ባለበት ሰዓት ከግድግዳው ሶኬት ይሞላል። ስትገዙ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚባለውን ኢንቨርተር ይሁን በሉ፤ ሞተር ላለው የሕክምና ዕቃ የሚስማማው እሱ ነው። ርካሽ የሊድ ባትሪ ቢያቀርቡላችሁ ደግሞ ዋጋውን ብቻ አትዩ። ዕድሜው እንዲቆይ ከያዘው ከግማሽ በላይ ባይወጣለት ይሻላል፣ ቶሎም ይደክማል።

ይህን ወጪ ደግሞ በስንት ዓመት ይመለሳል ብለሽ አታስዪው። አይመለስም፣ መመለስም የለበትም። የተገዛው ሌሊቱን ተረጋግታችሁ እንድታድሩ ነው። እኔ ብሆን ከዚያ ከተቀመጠው ገንዘብ ላይ ቆጥሬ ይህችን ዛሬ ነገ ሳልል እገዛት ነበር። ክፉ ቀን ያልሽው አንዴ ደርሶ አይታችሁታል እኮ።

በዚያ ላይ አማትሽን የሚያዩትን ሐኪም ጠይቁ። ለአስም በእጅ የሚነፋ መድኃኒት ከስፔሰር (መድኃኒቱ በደንብ እንዲሳብ ከሚያግዝ ቱቦ) ጋር መጠቀም ይቻላል፤ መብራት የሚባል ነገር አይፈልግም። ለእሳቸው ይስማማ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ማሽን በሌለበት ሰዓት አስሙ ከተነሳ ምን እንደሚደረግ፣ መቼ ወደ ሐኪም ቤት እንደሚሮጥ በወረቀት ይጻፍላችሁ። ወረቀቱ ሁላችሁም የምታዩት ቦታ ይለጠፍ።

ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሪ ከዚህ ጀምሪ እንጂ ከ16 በመቶው አትጀምሪ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ፕሮፎርማው ጠረጴዛው ላይ ሳይኖር። «ያቺን ሌሊት እኔም አልረሳኋትም። ለእናታችን የሚሆነውን ነገር በዚህ ሳምንት እንግዛ፤ የጣሪያውን ነገር ግን ረጋ ብለን እንየው» በዪው። የምትዪው ነገር ከልብሽ እንደሆነ ያውቃል። የተናገረሽ ቃል እንደጎዳሽም ንገሪው፤ በዚያው ሌሊት ግን አይሁን። አንድ ቀን ይለፍ። ፍርሃቱ ሲቀልለት የተናገረውን ራሱ ሊያነሳው ይችላል።

ቀጥሎ የ12 ወር ደረሰኞቹን አብራችሁ አውጡና የቆጣሪውን ፎቶዎች አብራችሁ እዩ። አንቺ ብቻሽን ሠርተሽ ውጤቱን ብታቀርቢለት ፍርድ የተሰጠበት ይመስለዋል። እሱ ራሱ ቁጥሩን ቢደምረው ነገሩ ሌላ ነው። ዋስትናውን በተመለከተ ለእሱ የሚሆን ሥራ አለ። ፓነሉ፣ ኢንቨርተሩና ባትሪው እያንዳንዳቸው ስንት ዓመት ዋስትና እንዳላቸው፣ ሲበላሹ ማን መጥቶ እንደሚያነሳቸው፣ የእጅ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ጓደኛውን በጽሑፍ ይጠይቀው። የ25 ዓመት ዋስትና የሰጠው አምራቹ ነው፤ ጓደኛው ያን ያህል ጊዜ በሥራው ላይ ላይኖር ይችላል። ከሌላ ቦታም ቢያንስ ሁለት ፕሮፎርማ አምጡ። ኢንቨርተሩ ወደፊት ባትሪ የሚቀበል፣ ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት ይሁን በሉ። ባትሪ ሲረክስ ወይም እናንተ ሲደላችሁ መጨመር ትችላላችሁ።

ስለ ዓርቡ ቀጠሮ ደግሞ አትጨነቂ። ባለቤትሽ ጓደኛውን ማስቀየም ከፈራ እንዲህ ይበለው፦ «ጣሪያውን ሳናድስ ምንም አንገጥምም። ከጨረስን በኋላ መጥተህ ጥላውንም እይልንና ለ2 ኪሎዋት አዲስ ፕሮፎርማ ሥራልን፤ ባትሪውን ለብቻ ጻፈው።» የዓርቡ ዋጋ ለ4 ኪሎዋቱ ነው፤ እናንተ ደግሞ እሱን አትገዙም።